ተጠርጎ የሚያበራ ግቢ ለምን ጎመን አያበቅልም

እህቴ፣ አብሽሪ። ደሴ ላይ በአዲሱ ቤትሽ ግቢ የተከልሽው ጎመን መቀጨጩን፣ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) እንደወረረውና ወፍም ችግኙን እየቆነጠረ እንዳስቸገረሽ ጽፈሽ «ምን ልርጭበት?» ብለሻል። እኔ የምመክርሽ ለጊዜው ምንም እንዳትረጪ ነው። የችግሩ ሥር ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከእግርሽ በታች ነው።

በለጠፍሽው ፎቶ ላይ ግቢሽ እንደ አውድማ ተጠርጓል። ጠዋት ደጅ ጠርጎ፣ ውሃ አርከፍክፎ ቡና ማፍላት የአገራችን ወግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን የረገፈው ቅጠል በየቀኑ እየተጠረገ ሲቃጠል አፈሩ የሚበላውን ያጣል። ትሉም ሆነ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት የሚኖሩት በሚበሰብስ ቅጠልና በፍግ ነው። እርቃኑን የቀረውን መሬት የሐምሌ ዝናብ ይደበድበዋል፣ ላዩ ይጠጥራል፤ ውሃውም መስረጉን ትቶ ለሙን አፈር ይዞ ይወርዳል። ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ለምን እንደሚደፈርስ ለደሴ ሰው አይነገርም። በአሮጌ ደብር ወይም በቆየ መቃብር ዙሪያ ካሉት ወይራዎች ሥር ግን አንድ እፍኝ አፈር ዝገኚ፤ ጥቁርና ልል ነው። ማዳበሪያ ያፈሰሰበት የለም፤ ቅጠሉ በወደቀበት ስለቀረ ነው።

ስለዚህ የቡና መጠጫውን ደጅ ጥረጊ፣ የጓሮውን ግን ተዪው። መጀመሪያ የግንባታውን ፍርስራሽ ልቀሚ፤ የሲሚንቶና የኖራ ቅሪት ጎመኑ ከአፈሩ ምግብ እንዳያገኝ ያደርጋል። ከዚያ መደቡን አንድ ጊዜ በዶማ በጥልቀት ቆፍሪና ሁለተኛ አትርገጪው። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 ባይበልጥ ከሁለቱም ጎን ቆመሽ መሐሉ ላይ ትደርሻለሽ።

ብስባሹን በጓሮው ጥላ ስፍራ፣ ቁመቱም ስፋቱም 1 ሜትር ያህል አድርገሽ ከምሪው። ከታች እንጨት እንጨት የሚለውን፣ በላዩ ደረቅ ገለባ ወይም ቅጠል፣ ከዚያ እርጥቡን፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ አረም። ከዚያም ፍግ፣ ጥቂት አፈርና ውሃ፤ እንዲህ እያፈራረቅሽ ወደ ላይ። ከበዓል በኋላ የሚጠረገው ቄጠማ ለዚህ ወደር የለውም፣ እባክሽ አትጣይው። ገራባ (የጫት ትራፊ) ግን አታስገቢ፤ ጫቱ ምን እንደተረጨበት አይታወቅም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይብዛ፤ ለመበስበስ ይዘገያል፣ ዘር እንዳይበቅልም ያደርጋል። በደሴ ብርድ ብስባሹ አራት ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ በየጊዜው ካገላበጥሽው ይፈጥናል። ኮምቦልቻ ቢሆን ሙቀቱ ያግዝሽ ነበር። ፍግ ከገበሬ ስትገዢ ኩበት ሆኖ ከመቃጠሉ በፊት ድረሽበት፤ የወሎ መሬት ከተጎዳባቸው ነገሮች አንዱ ለአፈሩ የሚገባው ፍግ በየምድጃው ማለቁ ነው።

አሁን ወደ ክሽክሹ። አንድ ቅጠል ገልብጠሽ በደንብ እዪ። በክሽክሹ መሐል አብጠው፣ ቡናማ ወርቅ መስለው የማይንቀሳቀሱ ታገኛለሽ። እነዚህ ሞተዋል፤ ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን ጥላባቸው ጫጩቷ ውስጣቸውን በልታ አድጋለች። ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ካየሽ ተርቧ ወጥታ ወደ ሌላው ሄዳለች። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለባት ትል የመሰለች ነፍሳትም ካየሽ እንዳትጨፈልቂያት፤ የቀይዋ ባለ ነጥብ ጥንዚዛ ልጅ ናት፤ ክሽክሽ የምትበላው እናቲቱ ብቻ አይደለችም። ክሽክሽ ቀድሞ ይራባል፣ የሚበሉት ዘግይተው ይደርሳሉ። በመካከል መርዝ ከረጨሽ ሁሉም ይሞታሉ፤ ቶሎ ተመልሶ የሚራባው ግን ክሽክሹ ነው። እስከዚያው በጣም የተወረረውን ቅጠል ቁረጪ፣ ሌላውን በውሃ እጠቢ፣ ካልበቃ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ከቅጠሉ በታችኛው ገጽ ላይ አድርጊበት። ዩሪያ ማብዛትም ይቅር፤ ለምለምና ልስልስ ቅጠል ክሽክሽ ይጠራል።

እነዚህ ረዳቶች እንዲኖሩሽ ማረፊያና አበባ ያስፈልጋቸዋል። ከአጥሩ ሥር አንድ ክንድ ያህል ስፋት ሳይታጨድ ይቅር። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም አስጠጊ። ሁለት ሦስት ጎመን ሳትቆርጪ እንዲያብቡ ተዪ፤ ቢጫው አበባ ላይ የሚሰበሰበውን ንብና ደቃቅ ተርብ ታያለሽ። አጥሩን በሰንሰል፣ አንዱን ጥግ በግራዋ አድርጊው፤ ግራዋ በበጋ ሲያብብ ለንብ ቀለብ ነው፣ ቅጠሉም ለጠላ ጋን ማጠቢያ ይሆናል። ጉርጥና እስስት ካየሽ ደስ ይበልሽ፤ ጉርጥ ሌሊት፣ እስስት ቀን ነፍሳት ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ያድራሉም። ልጆቹ እስስትን በድንጋይ እንዳይመቷት ንገሪያቸው፤ ምንም አታደርግም። ጋጋኖም ሣሩ ላይ ወርዳ በረጅሙ መንቁሯ መሬቱን ስትወጋ አታባሪያት፤ ሥር የሚበላውን ትል ነው የምታወጣው።

ችግኝ ቆንጣሪው ወፍ ሌላ ነው። ችግኙ እስኪጠነክር እሾሃማ ቅርንጫፍ ከላይ ጣል አድርጊበት፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ውሃ በገበቴ ይቀመጥለት። በበጋ ቅጠል የሚቆነጥረው ጠምቶትም ጭምር ነው።

ከጎመኑ በኋላ ባቄላ ዝሪበት። አበባ ሲጀምር አንዱን በቀስታ ነቅለሽ ሥሩ ላይ ያለውን እብጠት በጥፍርሽ ሰንጥቂ። ውስጡ ቀላ ካለ ከአየር ናይትሮጂን እየያዘ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልሠራም፤ በሚቀጥለው ዘር ባቄላ ከበቀለበት ማሳ ትንሽ አፈር አምጥተሽ ቀላቅይበት። ስትሰበስቢም አትንቀይው፤ ግንዱን ቁረጪ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቅር፣ መደቡንም በገለባ ጉዝጓዝ ሸፍኚው።

የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ስላለብሽ ጨቅላውን ችግኝ ማታ ማታ መሸፈን እንዳትረሺ። የግራዋ ቁራጭ ከፈለግሽ ሰኔ ላይ ከእኔ ጓሮ ትወስጃለሽ፤ ቆርጠሽ ብትተክይው ይጸድቃል።