የወፍጮ ሞተር ብሬከርን ከ16 ወደ 32 አምፔር ስለመቀየር

ከኮምቦልቻ የጠየቁን ወንድማችን፣ የ7.5 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተርዎ በሚነሣበት ጊዜ ባለ16 አምፔር ሲ ዓይነት ብሬከር እየወረደ ስላስቸገረዎ በባለ32 ቢተኩት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አይቀይሩት ባይ ነኝ። በደሴና በኮምቦልቻ ስጠግን ከቆየኋቸው የወፍጮና የእንጨት ቤት ሞተሮች መካከል ተቃጥለው የመጡት ብዙዎቹ ልክ እንዲህ «እንዳይወርድ» ተብሎ ብሬከራቸው ያደገ ነበሩ።

ሞተርዎ በሙሉ ጭነት 15 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ በቀጥታ ሲነሣ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ከ6 እስከ 7 እጥፍ፣ ማለትም 100 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሲ ዓይነት ብሬከር ከተጻፈበት አምፔር ከ5 እስከ 10 እጥፍ ባለው ክልል ወዲያው ስለሚቆርጥ፣ የእርስዎ ከ80 እስከ 160 ባለው መካከል አንድ ቀን ይታገሣል፣ ሌላ ቀን ይወርዳል።

በባለ32 ይህ ችግር ይጠፋል፤ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሞተሩ እየፈጨ ሳለ ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ቢጠፋ አይቆምም፤ በቀሩት ሁለቱ የሚያልፈው ወደ 1.73 እጥፍ አድጎ 26 አምፔር ይደርሳል። ባለ32 ብሬከር 26 አምፔርን ቀኑን ሙሉ ያሳልፋል፣ ዋይንዲንጉ (በሞተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ግን ያን ያህል ሳይቆይ ይከስላል።

ስለዚህ ብሬከሩ ለገመዱና ለሾርት (ገመዶች ሲነካኩ) ይሁን፤ ሞተሩን ኦቨርሎድ ሪሌይ (ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲስብ የሚያጠፋው መሣሪያ) ይጠብቀው። ገመድዎ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ከሆነ፣ ከ10 እስከ 20 እጥፍ ላይ የሚቆርጥ ባለ25 ዲ ዓይነት ብሬከር ያስገቡ። ፌዝ ሲጎድል የሚለይ ሪሌይ ከኮንታክተሩ (ሞተሩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ማብሪያ) ሥር አስገጥመው፣ በሞተሩ ታርጋ ላይ በተጻፈው አምፔር ላይ ያስተካክሉት። አነሳሱ ስታር ዴልታ (በዝቅተኛ ቮልቴጅ አስነሥቶ ወደ ሙሉው የሚያሸጋግር) ሆኖ ሪሌዩ ከዋናው ኮንታክተር ቀጥሎ በዋይንዲንጉ መስመር ላይ ካለ ግን 15 ሳይሆን 0.58 እጥፉን፣ 8.7 አካባቢ ያድርጉት፤ ይህን ልብ የሚል ባለሙያ ብዙ አይደለም። ርካሽ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ብቻውን አይበቃም፤ እየዞረ ያለ ሞተር በጠፋው ፌዝ ላይ ራሱ ቮልቴጅ ስለሚመልስ ያታልለዋል።

ደሴ ላለን ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ሞተሮች በተለምዶ የሚሠሩት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፣ ከተማችን ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች ስስ አየሯ ሞተርን በደንብ አያቀዘቅዝም። ኮምቦልቻም ቢሆን ከ1000 በላይ ነው።

ከተገጠመ በኋላ እህል እየተፈጨ ሦስቱንም ፌዝ በክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ። ከታርጋው ካለፈ ቀበቶውን፣ ድንጋዩንና የእህሉን አወራረድ ይመርምሩ እንጂ የሪሌዩን ቁጥር ከፍ አያድርጉ።