አዲስ ፋርማሲ ለምትከፍቱ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ

ፈቃድ አውጥታችሁ ወይም ኃላፊነት ተቀብላችሁ አዲስ ፋርማሲ ለማስጀመር ለምትዘጋጁ ወጣቶች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። መደርደሪያውን፣ ማቀዝቀዣውንና የሙቀት መለኪያውን ተቆጣጣሪ መጥቶ ስለሚያያቸው እንደማትዘነጓቸው አውቃለሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ማንም ተቆጣጣሪ ስለማይለካው ጉዳይ፣ ይኸውም ሠራተኛችሁ በተሳሳተ ቀን ደፍሮ ይነግራችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የፋርማሲ ክፍል ስመራ፣ አንዲት ወጣት ባለሙያ ለደም ግፊት አምሎዲፒን ለታዘዘላቸው አዛውንት ለድብርት የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን ሰጥታ ሸኘቻቸው። ስህተቷን ራሷ ደርሳበት፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳ መድኃኒቱን ከለወጠች በኋላ ተመልሳ ነገረችኝ። እኔም በባልደረቦቿ ፊት ገሠጽኋት፤ ከደመወዟም አስቀጣኋት። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ያህል ስለ ስህተት አፉን የከፈተ ሠራተኛ ስላልነበረ፣ ተግሣጼ የሠራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ታካሚን የምንመክር ሰዎች፣ ሠራተኞቻችንን መደበቅ እያስተማርናቸው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስማቸው የሚመሳሰለውን ሁለቱን መድኃኒቶች በላቲን ፊደል ተራ ጎን ለጎን የደረደርኋቸውም እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ስህተት ሲነገራችሁ በመጀመሪያ ታካሚው እንዴት እንዳሉ ጠይቁ፤ ቀጥሎ አደራደሩን፣ የማዘዣውን ጽሕፈትና የወረፋውን ብዛት መርምሩ፤ የሠራተኛው ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጠጥቶ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ የቆመን ወይም ደንብን አውቆ የጣሰን ሰው እለፉት ማለቴ ግን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሊወገድ የሚችልን ከባድ የመድኃኒት ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ዘመቻ ሲጀምር፣ ትኩረቱ ከግለሰቡ ይልቅ አሠራሩ ላይ ነበር። በእኛ መስኮት ይህ በጥቃቅን ነገር ይገለጣል። «1.0» ተብሎ የተጻፈ መጠን ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ሆኖ ይነበባል። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ወይም 250 ሚሊ ግራም የያዘ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ሁለቱ አንድ ረድፍ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት በየቀኑ ከተዋጠ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ሁለተኛ ሰው ሳያየው ከመስኮት አይውጣ። ከረጢቱ ላይ «በየ8 ሰዓቱ» ብለን የምንጽፈውም በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ያለውን ስምንት ሰዓት ብቻ ሊመስል ስለሚችል፣ ታካሚው መቼ መቼ እንደሚወስዱ ራሳቸው መልሰው ይንገሯችሁ። ወረፋው ቢረዝምም ይህች አንድ ደቂቃ አትቀነስ።

አንድ ተራ ደብተርም ከመስኮቱ አጠገብ ይኑራችሁ፤ ታካሚው እጅ ሳይገባ የተያዘ ስህተት ሁሉ የተሳሳተው ሰው ስም ሳይጠቀስ ይመዝገብበት፤ ቅዳሜ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም አብራችሁ አንብቡት። እኔ በኋላ በሠራሁበት ፋርማሲ ደብተሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ የሕፃን ሽሮፕ መጠን ሳሰላ በእጥፍ መሳሳቴንና የተለማማጅነት ጊዜዋን ያልጨረሰች ልጅ እንዳረመችኝ፣ በዚህኛው ግን ስሜን ጨምሬ በእጄ ጻፍኩበት። በማግስቱ ሁለት ሌሎች ስህተቶች ተጽፈው አገኘሁ።