«ትዝታም የለብኝ» ማለት ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ የምሠራው ፒያሳ ነው። ከምሳ በኋላ ቡና በምንጠጣበት ቤት የቆዩ ዘፈኖች ይከፈታሉ፤ ሰሞኑን «ትዝታዬ አንቺ ነሽ ትዝታም የለብኝ፣ እመጣለሁ እያልሽ እየቀረሽብኝ» የሚለው ግጥም ከባልደረቦቼ ጋር አከራከረን። አንደኛው «ትዝታዬ አንቺ ነሽ» ካለ በኋላ «ትዝታም የለብኝ» ማለቱ እርስ በርሱ ይጋጫል ይላል። ሌላዋ «የለብኝም» መባል ነበረበት ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው፣ ወርቁም ፖለቲካ ነው ባይ ነው። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ በቅድሚያ፣ ይህ ስንኝ ከሕዝብ የቃል ግጥም የተወረሰ እንጂ የአንድ ዘፋኝ ድርሰት አይደለም። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ አስናቀች ወርቁ በክራር፣ ማሕሙድ አሕመድ በባንድ፣ ጌታቸው ካሣም ቀስ ባለና ፈጠን ባለ ምት እየተጫወቱ ለየዘመናቸው አድማጭ አድርሰውታል። ስለዚህ ስንኙን ልንመዝን የሚገባን በቃል ግጥም ሕግ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ባልደረቦችዎ ሳያነሡት ያለፉት «ብኝ» ነው። አማርኛ «ገንዘብ አለኝ» ይላል፣ «ዕዳ አለብኝ» ይላል፤ ሀብት በ«አለኝ»፣ ሸክም በ«አለብኝ» ይነገራል። ዛሬ ለቃለ መጠይቅ የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ «ከእሱ ጋር ጥሩ ትዝታ አለኝ» ሲል ትዝታን እንደ ንብረት ይቆጥረዋል፣ ይህም ነውር የለበትም። የስንኙ ተናጋሪ ግን ትዝታን እንደ ራስ ምታትና እንደ ዕዳ ከላዩ ላይ ያኖረዋል። በሁለተኛው ስንኝም ያው «ብኝ» ተመልሶ «እየቀረሽብኝ» ይላል፤ «እየቀረሽ» ቢል መቅረቷን ብቻ ይነግረን ነበር፣ «ብኝ» ሲታከልበት ግን የመቅረቷ ጉዳት በማን ላይ እንደወደቀ ይነግረናል። «እየ» ደግሞ ነገሩ የአንድ ቀን እንዳልሆነ ያሳያል፤ ቃል ትገባለች፣ ትቀራለች፣ እንደገና ቃል ትገባለች።

ይህን ከያዝን ግጭቱ ይፈታል። «ትዝታም» የሚለው «ም» እንደ «አንድም» እና «ማንም» ሁሉ አሉታውን የሚያጠናክር ነው፤ ሐሳቡ በስድ ንባብ ቢጻፍ «እመጣለሁ እያልሽ ስለምትቀሪብኝ፣ ትዝታዬ አንቺው ነሽ፤ ከአንቺ ሌላ የሚከብደኝ ትዝታ የለብኝም» ይሆናል። ምክንያቱ ከውጤቱ በኋላ መምጣቱም በቃል ግጥም የተለመደ ነው።

ባልደረባዎ ያነሡት የሰዋስው ነጥብ በስድ ንባብ ትክክል ነው፤ የዐረፍተ ነገር ማሰሪያ የሆነ አሉታዊ ግስ በ«ም» ይዘጋል። ነገር ግን በዕለት ንግግራችንም «ማንም የለ»፣ «አይበላ፣ አይጠጣ» እያልን እንጥለዋለን። በስንኙ ውስጥ ደግሞ «የለብኝ» ከ«እየቀረሽብኝ» ጋር ቤት መምታት አለበት፤ «የለብኝም» ብለው ቢያርሙት ቤቱ ይፈርሳል።

ሰምና ወርቅን በተመለከተ ጠንከር ልበል፤ በየዘፈኑ ወርቅ መፈለግ ልማድ ሆኖብናልና። ሰምና ወርቅ ኅብረ ቃል ይፈልጋል፤ ለምሳሌ «ካሣ» የሚለው ቃል የጉዳት ክፍያም፣ የአፄ ቴዎድሮስ የልጅነት ስምም ስለሆነ ለሁለት ፍች ይመቻል። በዚህ ስንኝ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ሳንሱር በነበረባቸው ዘመናት አድማጩ የፍቅር ዘፈንን ወደ ራሱ ብሶት ተርጉሞ መስማቱ እውነት ነው፤ ያ ግን የአድማጩ ሥራ እንጂ በግጥሙ ውስጥ የተቀበረ ወርቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ በስልኩ ሲጽፈው «ትመጫለሽ እያልኩ እየቀረሽብኝ» ያደርገዋል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ «እመጣለሁ እያልሽ» ሲባል ቃሏን ያጠፈችው እሷ ናት፣ «ትመጫለሽ እያልኩ» ሲባል ግን ያልተሰጠውን ቃል የጠበቀው ራሱ ነው። ሴት ዘፋኞች «አንቺ ነሽ» የሚለውን «አንተ ነህ»፣ «እያልሽ» የሚለውንም «እያልክ» እያሉ ይዘፍኑታል፤ በዚህ ግን የሚለወጠው ጾታው ብቻ ነው፣ ወቀሳው በቦታው ይቆያል።