ግድግዳው እንዳይጎብጥ፣ መስኮቱም ቀጥ እንዲል

ወንድሜ፣ የለገሃርን ባቡር ጣቢያ ሞዴል በ1:87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ) ከስታይሪን ፕላስቲክ ሉህ ልሠራ ጀምሬ ግድግዳው እንደ ቀስት ጎበጠ፣ መስኮቱን ስቆርጥም ማዕዘኑ ተበላሸ ብለሃል። ሁለቱም ደርሶብኛል።

መጎበጡ ከማጣበቂያው ነው። የስታይሪን ማጣበቂያ እንደ ኮላ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው። ሁለት ሰፋፊ ሉሆች ደርበህ ስትለጥፍ ፈሳሹ መሃል ላይ ታፍኖ ይቀራል፣ ቀስ እያለ ሲወጣ ደግሞ ፕላስቲኩን ይስበዋል። የመጀመሪያዬ የዕቃ መጋዘን ቀለም ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ካለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ጣሪያውን ያነሳው። ተናደድኩ! አሁን አልደርብም። 1 ሚሊ ሉህ ብቻ፣ ከውስጥ በኩል አራት ማዕዘን ዘንግ እንደ ወጋግራ። ማዕዘኑን በስኳድራ እይዛለሁ። ከታች ወለሉ ላይ ቀዳዳ እተዋለሁ፣ ቤቱ እንዲተነፍስ። ማጣበቂያውንም አታፍስስ፤ ሁለቱን አጋጥመህ በቀጭን ብሩሽ ጫፉን ብትነካው ራሱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። መስኮት ከፍተህ ሥራ፣ ሽታው ቀላል አይደለም።

መስኮትን በተመለከተ ደግሞ፣ ሙሉ ሉህ ላይ ቀዳዳ ለመቁረጥ አትታገል። እኔ ግድግዳውን በአግድም እከፋፍለዋለሁ፦ ከመስኮት በታች አንድ ረጅም ቁራጭ፣ በመስኮቶቹ መሃል ትንንሽ ቁራጮች፣ ከላይ ሌላ ረጅም። ቀጥታ መስመር ብቻ ነው የምትቆርጠው፤ ካተሩን በብረት ማስመሪያ ሁለት ሦስቴ ቀስ አድርገህ ታስኬዳለህ፣ ከዚያ ታጥፈዋለህ፣ ቀጭ ይላል። መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው ይጠፋል። ይህ ለተለሰነ ግድግዳ ነው፤ የጣውላ ግድግዳ ቢሆን መስመሮቹ ያጋልጡህ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። አብዛኛው መመሪያ የአሜሪካ የእንጨት ጣቢያ ታሳቢ አድርጎ ነው የሚጻፈው፣ ግድግዳው ቀጭን ነው። 1 ሚሊ በዚህ መጠን ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግንብ ግድግዳ ግን 6 ሚሊ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መስኮት ጀርባ ዙሪያውን 5 ሚሊ ስፋት ያለው ቁራጭ አቁመህ ለጥፍ፣ መስታወቱን ከዚያ ኋላ አስገባው። ጥላው ሲወድቅበት ያኔ ግንብ ይመስላል። ያለዚያ ካርቶን ነው። መስታወቱን በሱፐር ግሉ እንዳትነካው፣ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ለዚህስ ኮላ ይሻላል።

ልኩን ከፎቶ የምታወጣ ከሆነ በር ፈልግ። 2 ሜትር ከ10 የሆነ በር 24 ሚሊ ይሆናል፣ ሌላውን ከእሱ ታሰላለህ። ፎቶው ግን ከፊት ለፊት የተነሳ ይሁን።

ሐዲዱን ገዝተህ ከሆነ ደግሞ አንዴ ቆይ፤ የድሮው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር፣ ስለዚህ የሚሆንህ ባለ 12 ሚሊው የሞዴል ሐዲድ ነው እንጂ የተለመደው ባለ 16.5 ሚሊው አይደለም። ጊዜውንም አስብበት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፣ የለገሃር ሕንፃ ግን የ1929 ነው፤ የ1920ዎቹን መጀመሪያ ከሠራህ ገና የለም።

ከመቀባትህ በፊት ፎቶ ለጥፍልን፣ ነጩ ላይ ነው ስህተቱ የሚታየው።