የጥልፍ ማሽን በብድር ልግዛ? ፋሽኑ ሲያልፍስ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። የልብስ ስፌትና ዲዛይን ሥልጠናዬን ልጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ሐሳቤ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ቤት ተከራይቼ የሐበሻ ልብስ መስፋት ነው። አሁን ሁሉም የሚጠይቀው ወገቡ ኮርሴት የሆነ፣ ከጉልበት በታች እንደ ዓሣ ጅራት የሚዘረጋ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ የበዛበት ቀሚስ ነው። በእሱ ላይ ብቻ ላተኩር? የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽንስ በብድር ልግዛ? ነገ ሰው የሚስቅበት የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንነሣ፤ የሌሎቹ መልስ ከእሱ ይወጣል።

ቤተሰብ ጋ ያለውን የሠርግ አልበም አውጪና የሰዎቹን ፊት በእጅሽ እየሸፈንሽ ዓመቱን ለመገመት ሞክሪ። ቤልቦተም ሱሪ ካየሽ የደርግ መጀመሪያ አካባቢ ነው ትያለሽ። ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት ካየሽ ደግሞ ትንሽ ወደዚህ ትቀርቢያለሽ። ዓመቱን ያሳበቀው የትከሻው ስፋት፣ የወገቡ ከፍታ፣ የእጅጌውና የታችኛው ጫፍ መጠን ነው። እዚያው ፎቶ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ አጣፍታ የቆመችው ሴት ግን የየትኛው ዓመት እንደሆነች ለመናገር ታስቸግራለች፤ ፍንጭ ካለ የጥለቱ ስፋትና የቀለሙ ምርጫ ነው። ይህን በ20 ፎቶ ላይ ሥሪና ዓመቱን ያሳወቀሽን ነገር በደብተር ጻፊ። ለአንድ ዲዛይነር ከብዙ የቲክቶክ ቪዲዮ ይበልጥ ያስተምራል።

በዚህ ሚዛን የዛሬውን ስናየው፣ በእኛ ግምት ቀድሞ የሚያረጀው በሙጫ የሚለጠፈው ድንጋይ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ሁሉም ቤት ይሠራዋል፤ ሁሉም ጋ የሚገኝ ጌጥ ቶሎ ይሰለቻል። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ የሚጣበቀው በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነው። ደንበኛዋ ካውያ ስታሳርፍበት ሙጫው መልሶ ይላላና ድንጋዩ ይረግፋል፤ የረገፈበት ቦታ ላይ የሚቀረው እድፍ ደግሞ ከነጭ ሸማ ላይ በቀላሉ አይለቅም። ደንበኛ አጥብቃ ከጠየቀችሽ ድንጋዩን ቀሚሱ ላይ አትለጥፊ። በተለየ መቀነት ወይም አንገት ላይ በሚታሰር ቁራጭ ላይ በእጅ ስፊው፤ ፋሽኑ ሲያልፍ መቀነቱን ታወልቃለች፣ ቀሚሷ ይተርፋል።

ጥለት አስመስለው ፖሊስተር ላይ ያተሙትን ጨርቅ እዚህ የምናነሣው ለማለፍ ያህል ነው። እሱ ውስጥ አትግቢ፤ በዋጋ ከአስመጪ ጋር ተወዳድረሽ አታሸንፊም። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚለብሰውም በፎቶ ላይ ዓመቱን የሚናገር ነው፤ ግን ሰዎች ለትዝታ ብለው ስለሚያሰፉት ማርጀቱ አይጎዳውም፣ ሥራው ሲመጣ ተቀበዪ።

የዓሣ ጅራቱ ቅርጽ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ጣጣ አለው። ጥለት በሸማኔው እጅ ሲሠራ የጨርቁን ወርድ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ክሎሽ (ከታች እየሰፋ የሚሄድ ቀሚስ) ወይም የዓሣ ጅራት ግን ጫፉ ክብ ነው። ቀጥ ያለው ጥለት ክብ ላይ አይታጠፍም፤ ወይ ቆርጠሽ ለብቻው ትቀጥዪዋለሽ፣ ወይ በየስፌቱ መጋጠሚያ ላይ ይሰበራል። የእጅ ሸማ ወርዱም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር በታች ስለሆነ መጋጠሚያው ይበዛል። ሌላው ችግር ጨርቁ ሳሳ ብሎ መሠራቱ ነው። ዳሌና ጉልበት ላይ ጥብቅ ከሆነ ደንበኛዋ ስትቀመጥ ስፌቱ ሳይተረተር ከስፌቱ አጠገብ ያለው ድር ይንሸራተትና ወንፊት ይመስላል። ያኔ መጠገኛ የለውም።

ስለዚህ ቅርጹን መሥራት ካለብሽ መጀመሪያ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ እጠቢ፣ አድርቂ፣ ለኪ። 28.5 ከሆነ 5 በመቶ ገብቷል ማለት ነው፤ 140 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀሚስ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። እንዲህ ከሆነ ሙሉውን ጨርቅ ሳታጥቢ መቀስ አታሳርፊበት። ውጭ አገር ያለች ደንበኛ በማሽን አጥባ በሙቅ አየር ልታደርቀው ስለምትችል ለእሷ ይህ ፈተና የግድ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ከስስ የጥጥ ጨርቅ ጋር ደርበሽ በሰፊ እጅ ስፌት አያይዢና እንደ አንድ ጨርቅ ስፊያቸው፤ ጉተታውን የሚሸከመው የውስጡ ጨርቅ ይሆናል። ከጫፉ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ አንድ ረድፍ ስፊና ጫፉ እንዳይተረተር ኦቨርሎክ አድርጊ። መርፌው 70 ወይም 80 ቁጥር፣ የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዳሌ ላይ ከሰውነቷ ልክ በላይ የምትተዪው ስፋት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ፎቶ ላይ ቢጠብ ያምራል፣ የሠርጉ ሰው ግን ይቀመጣል፣ ይጨፍራል።

ኮርሴቱንም ከሸማው ጋር አንድ አድርገሽ አትስፊው። ወገብ የሚያቆመውን የፕላስቲክ ዘንግ በገበሩ ላይ ብቻ ስፊና ገበሩን ከላይ በእጅ አያይዢው። ጎን ላይ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ታች ጫፉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ተዪ። ሠልጣኞች ትርፍ ጨርቅ ብክነት ይመስላቸዋል። እኛ ግን አንቺ ከምታስቢው ሁሉ የተሻለ ገበያ ያለው እዚህ ጋ ይመስለናል፦ የዛሬው ጠባብ ቀሚስ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይስፋልኝ፣ ኮርሴቱ ይውጣልኝ፣ ጅራቱ ቀጥ ይበልልኝ እየተባለ ተመልሶ ይመጣል። ውድ ጥለት ያለውን ቀሚስ ማንም አይጥልም። አዲስ የሚሰፋ ሰው ሞልቷል፤ የተሰፋን ፈትቶ፣ ጥለቱን ሳይጎዳ አስተካክሎ የሚመልስ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ሥልጠናሽ ሳያልቅ አሮጌ ቀሚስ ፈልገሽ መፍታት ተለማመጂ።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። አሁን አትግዢ። የኮምፒውተር ጥልፍ በራሱ ፋሽን ነው ማለታችን ሳይሆን፣ ማሽኑን በብድር የያዘ ሰው ዕዳውን ለመክፈል ሲል ቀሚሱን ሁሉ በጥልፍ ይሞላዋል፤ ያ መሞላቱ ነው ቶሎ የሚያረጀው። ጥልፉን ለሌላ ሰው በክፍያ የሚሠሩ ቤቶች ስላሉ ለእነሱ ስጪ፣ የከፈልሽውን በየወሩ መዝግቢ። ስድስት ወር በተከታታይ ይህ ወጪ ከብድሩ ወርኃዊ ክፍያ፣ ከክሩ፣ ከመብራቱና ከሠራተኛው ደመወዝ ድምር ከበለጠ ያኔ ግዢ። እስከዚያው የጥልፍ ንድፍ በኮምፒውተር ማዘጋጀት ተማሪ፤ ማሽኑ ይለወጣል፣ ሙያው ግን አብሮሽ ይቆያል። ስስ ሸማ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ጨርቁን እንደሚሰበስበው ያወቀ ሰው የክሩን ጥቅጥቅነት ቀንሶ፣ ከጀርባ ደጋፊ ጨርቅ አድርጎ ነው የሚነድፈው። መብራት ሲጠፋም መርፌው ካቆመበት በትክክል ካልቀጠለ ጥልፉ ይዛነፋል፤ ይህንንም የገዛሽ ዕለት ሳይሆን በሰው ማሽን እያሠራሽ ሳለሽ ብታዪው ይሻላል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲሉ፣ ገበያሽ ወቅት ጠባቂ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የጥር ሠርግ፣ ከዚያ ፋሲካና የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይኖር ሥራ ይቀዘቅዛል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጾምም። ስለዚህ ውል ስትፈርሚ ቢያንስ የሦስት ወር ኪራይ በእጅሽ ይኑር፤ የማሻሻል ሥራውንም ለዚያ ወቅት አቆዪው። የወቅቱን ቀለም ክር በጅምላ አትግዢ፤ በብዛት ማስቀመጥ ያለብሽ ነጭ፣ የጥጥ ቀለምና ወርቃማ ብቻ ነው። ፋሽን የተከተለ ትእዛዝ ስትቀበዪ ቀብዱ ጨርቁንና ጥልፉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን፤ ደንበኛዋ ሐሳቧን ብትቀይር ቀሚሱን ሌላ ሰው አይገዛሽም።

የራስሽን ቤት ከመክፈትሽ በፊት ሥራ ፍለጋ የምትሄጂ ከሆነ ከምታሳዪው ስድስት ልብስ አራቱ ቀለል ያሉ፣ ሁለቱ የወቅቱ ይሁኑ፤ ውስጣቸውን ገልብጠሽ አሳዪ። ደህና ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ገበሩንና ጫፉን ነው። የራስሽን ቤት ስትከፍቺም በየደንበኛዋ የትእዛዝ ወረቀት ላይ ከልኳ ጎን በየስፌቱ የተውሽውን ትርፍ በሴንቲ ሜትር ጻፊና ከፓተርኑ ጋር አስቀምጪ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደውላ «ይሰፋልኛል ወይ?» ስትልሽ ቀሚሱን ሳትፈቺ ትነግሪያታለሽ።