የአንባቢያን ጥያቄ፦ መብራቱ ሰማይ ላይ ቢጠፋስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቀደም ከአዘዞ ወደ አዲስ አበባ ልንነሳ ስንል የአውሮፕላኑ መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ሰማይ ላይ ቢጠፋስ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። አብራሪዎቹ ያን ጊዜ ምን ያደርጋሉ?
(ከማራኪ)

መልስ፦ ልጄ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ። መሬት ላይ ያያችሁት ድርግምታ አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚመጣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ስሠራ ሳየው ኖሬያለሁ።

እናትህን ያስፈራት ግን መብራቱ ሲጠፋ ሞተሩም የሚቆም መስሏት ይሆናል። አይቆምም። የዘመኑን ጄት ሞተር የሚያዘው ኮምፒውተር ከሞተሩ ጋር የምትዞር የራሱ ትንሽ ጄኔሬተር አለችው። ከዚያ ውጭ እያንዳንዱ ሞተር ለአውሮፕላኑ የሚሆን ጄኔሬተር ያዞራል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸከማል። እንዳይከብደውም የምግብ ማሞቂያውና የመሳሰለው ቀድሞ ይቋረጣል። እናትህ ምጣድ ስትሰካ ቆጣሪው እንዳይጥል ምድጃውን እንደምታጠፋው ማለት ነው። ያን ጊዜ አንደኛው አብራሪ አውሮፕላኑን ብቻ ያበርራል፤ ሌላው መመሪያውን አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ በተራ ይፈጽማል።

እኔ አጥብቄ የምናገረው ስለ ብሬከር ነው፤ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ኤሌክትሪኩን ስለሚቆርጠው ማለቴ ነው። ቤታችን ቆጣሪ ሲጥል ሮጠን እናነሳለን፤ ደግሞ ቢጥል ደግመን እናነሳለን። አውሮፕላን ላይ ይህ ልማድ ሰው ይፈጃል። ብሬከሩ የጣለው ሽቦ ስለተጎዳ ከሆነ፣ መልሶ መጫን እሳት መለኮስ ነው። ስለዚህ በበረራ ላይ የጣለ ብሬከር እንዳለ ይተዋል። ለደህንነት የግድ ካስፈለገና ካፒቴኑ ከወሰነ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞከራል። የነዳጅ ፓምፕ ብሬከር ከሆነ ያም የለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የስዊስኤር አየር መንገድ በረራ 111 እሳት ከአብራሪዎቹ ክፍል ጣሪያ በላይ ካለ የሽቦ ብልጭታ ሳይነሳ አልቀረም፤ 229 ሰው አለቀ። እኔም አንድ ቀን ከፓነል ጀርባ የጠቆረ ሽቦ አውጥቼ መዳፌ ላይ ይዤው ቆሜያለሁ። ውፍረቱ ከፓስታ አይበልጥም ነበር።

ጄኔሬተሮቹ ሁሉ ቢጠፉ ባትሪ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ዋና ዋናዎቹን መሣሪያዎችና ሬዲዮውን ይይዛል። በብዙ ትልልቅ ጄቶች ደግሞ ነፋስ የሚያዞራት ትንሽ ፕሮፔለር ከሆዳቸው ትወጣለች። በ1983 እ.ኤ.አ. ካናዳ ላይ ነዳጅ ያለቀበት ቦይንግ 767 ሁለቱም ሞተሮቹ ቆመው መሪው የታዘዘው በእሷ ኃይል ነው፤ 69ኙም ሰዎች ተረፉ። በባትሪ የቀረ አብራሪ አዲስ አበባ እደርሳለሁ አይልም። ከእኛ ተነስቶ ከሆነ ወይ አዘዞ ይመለሳል፣ ወይ ባሕር ዳር ይወርዳል።

ለእናትህ አንድ ነገር ንገርልኝ፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታት አትፈር፣ አስተናጋጇን ወዲያው ትጥራ። ከፓነል ጀርባ ያለውን ሽታ አንዳንዴ ቀድሞ የሚያገኘው ተሳፋሪ ነው።