ከምሰሶው ጫፍ ሳይሆን ከጀልባዋ ሆድ ጀምር

ወንድሜ፣ «ታላላቆቼ ምከሩኝ» ብለህ ስለጠየቅህ በአንተታ ልጻፍልህ። ጥያቄህን ላላዩት ላሳጥረው፦ እስራኤል ውስጥ በወደብ ከተማዋ አሽዶድ በአንድ ወዳጅህ 10 ሜትር የእሽቅድምድም ሸራ ጀልባ ላይ ትረዳለህ። ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጣችሁ፣ ከአንዱ ጎናችሁ ወደ ሌላው ለማዛወር በታጠፋችሁ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው የእውነተኛ ነፋስ አቅጣጫ 6 ዲግሪ ያህል ይዘላል፤ ዝላዩም ሁልጊዜ ለእናንተ ወደሚመቸው በኩል ነው። ባለቤቱ የነፋሱን ማዕዘን (ከጀልባዋ አፍንጫ የሚለካውን) 3 ዲግሪ ቀንሶ ሊገላገል አስቧል።

ስሌቱስ ልክ ነው። የዝላዩን ግማሽ መቀነስ ነው ደንቡ። ግን ዛሬ እንዳይነካው።

ምክንያቱን ልንገርህ። «እውነተኛ ነፋስ» የሚባለውን የሚለካ መሣሪያ ጀልባዋ ላይ የለም። ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚሽከረከሩት ኩባያዎችና አቅጣጫ ጠቋሚው የሚያገኙት ጀልባዋ ራሷ በመሄዷ የምትፈጥረው ነፋስ የተቀላቀለበትን ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ላይ የጀልባዋን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የኮምፓሱን ንባብ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ ነው አቅጣጫውን የሚነግርህ። ስለዚህ ያ ዝላይ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ ከፍጥነት መለኪያው፣ ከኮምፓሱ ወይም ከነፋስ መለኪያው። ባለቤቱ ሦስተኛውን ብቻ ጠርጥሯል።

እኔ ዋሽንግተን ታክሲ እነዳለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ግን ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ዳር በምትገኘው አናፖሊስ እወዳደራለሁ። መሣሪያዎቹ ለእኔ የተሰጡት «ይሄ ልጅ ኮምፒውተር ያውቃል» ተብሎ ነው። የማውቀው ስልክ መጠቀም ነበር። እኛም ጋ ልክ እንደ እናንተ ዝላዩ 6 ዲግሪ ነበር፤ የጀልባዋ ባለቤትም ልክ እንደ ወዳጅህ 3 ቀንስ አለኝ። ያላደረግሁት ስለገባኝ ሳይሆን የማስተካከያውን ገጽ ፈልጌ ስላጣሁት ነው።

መጀመሪያ የነካሁት የፍጥነት መለኪያዋን ነው። በጀልባዋ ሆድ ቀዳዳ የምትገባ፣ አውራ ጣት የምታህል ባለ ክንፍ ሽክርክሪት ናት። ስትነቅላት ባሕሩ ወደ ውስጥ ይፈናጠራል፤ አትደንግጥ፣ ግን መድፈኛውን በሌላ እጅህ ሳትይዝ አትንቀል። እኔ ስነቅላት ውኃው እስከ አገጬ ደረሰ። ክንፎቿ መካከል የሚያዳልጥ አረንጓዴ ልጋግ ተጠምጥሟል፤ ከአክሰሉ ጥግ ደግሞ ምስር የምታክል እንደ ኖራ የጠነከረች የባሕር ቅርፊት ተጣብቃለች። በጥርስ ብሩሽና በኮምጣጤ ጠርጌ፣ በጣቴ ገፋ ሳደርጋት ሳትነጥር እስክትዞር ድረስ ታግዬ መለስኳት። የእናንተ ባሕር ሞቃት ስለሆነ ቆሻሻው ከእኛም ፈጥኖ ይበቅላል። ከእያንዳንዱ የልክ ማስያዝ ሥራ በፊት ጥረጋት።

ከዚያ ልክ ማስያዝ። ውኃው የተኛበትን ማለዳ ምረጥ፣ ሸራውን አውርድ፣ ሞተሩን በአንድ ዙር ፍጥነት ላይ አጽንተህ ቀጥ ብለህ ሂድ። በጂፒኤስ አንድ የባሕር ማይል ሂድ፣ ተመለስ፣ እንደገና ሂድ። ሦስት ጊዜ የምለው የውኃው ጅረት አንተ እየለካህ እያለ ስለሚለዋወጥ ነው። አሽዶድ ላይ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዳርቻውን ይዞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን የሚሄድ ጅረት አላችሁ። እኛ በጂፒኤስ ያገኘነው 6.8፣ 5.4 እና 6.4 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ነበር። ሦስቱን ደምረህ ለሦስት ብታካፍል 6.2 ይመጣል፤ ስህተት ነው፣ ጅረቱ ሁለት ጊዜ አግዞህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቃወመህ። የመካከለኛውን ጉዞ ሁለት ጊዜ ቁጠረውና ለአራት አካፍል፦ 6.8 ሲደመር 10.8 ሲደመር 6.4፣ 24 ይሆናል፣ ለአራት ሲካፈል 6.0። የእኛ ሽክርክሪት በዚያ ሁሉ ጉዞ 5.5 ነበር የምታሳየው። 9 በመቶ ጨመርንላት።

አሁን የምነግርህን ልብ በል። በዚያው ቀን ከሰዓት ሸራ ሰቅለን ስንታጠፍ ዝላዩ 6 መሆኑ ቀርቶ 9 ዲግሪ ሆነ። ባለቤቱ «አበላሸኸው!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ለጊዜው አምኜው ነበር።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ሁለት ውሸታም ምስክሮች ተስማምተው ሲመሰክሩ ነው የኖሩት። ሸራው ነፋሱን ከመቀበሉ በፊት ስለሚያጥፈው የምሰሶው ጫፍ ማዕዘኑን አስፍቶ ያነባል፤ ይህ ዝላዩን ለእናንተ ወደሚመቸው ይገፋዋል። ፍጥነትን አሳንሶ ማንበብ ደግሞ ማዕዘኑን ያጠብበዋል፣ በተቃራኒው ይገፋል። ቁጥር ካስፈለገህ፦ ምሰሶው ጫፍ ላይ 18 ኖት በ28 ዲግሪ ሲያነብ፣ በ6 ኖት ስትሄድ እውነተኛው ማዕዘን 40.5 ነው። መሣሪያው 5.5 ነው የምትሄደው ብሎ ካመነ ግን 39 ይልሃል። በአንድ በኩል አንድ ዲግሪ ተኩል፣ ሲታጠፉ የሁለቱ ወገን ተደምሮ ሦስት ዲግሪ። እሱ ነው 9ኙን 6 ያስመሰለው። ያኔ 3 ቀንሰን ቢሆን ኖሮ ለዚያ ሳምንት ሁሉም ያማረ ይመስል ነበር፤ ሽክርክሪቷ በተጠረገች ማግስት ግን እንደገና ይበላሻል፣ ማንም ምክንያቱን አያውቅም።

ሽክርክሪቷ ከመካከለኛው መስመር ወጣ ብላ ከተገጠመች ጀልባዋ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስታጋድል የተለያየ ታነባለች። በሁለቱም በኩል ጻፈው።

ኮምፓሱ ቀላል ነው፣ ሰው ካልነካው። ሌላ ጀልባ በሌለበት ጸጥ ባለ ውኃ ላይ አንድ ዙር ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲፈጅ አድርገህ ቀስ ብለህ ትዞራለህ፣ ራሱን ያርማል፤ የዙሩን ብዛት መመሪያው ይነግርሃል። ዞረህ ስትጨርስ በጂፒኤስ ስታመሳክር ግን ተጠንቀቅ፦ አንዱ የመግነጢስን ሰሜን፣ ሌላው የካርታውን ሰሜን ሊያሳይ ይችላል። እናንተ ጋ ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እኛ ጋ ወደ ምዕራብ 11።

አንድ የሚሳት ነገር ልጨምር። ኮምፓሱ በየአቅጣጫው እኩል 4 ዲግሪ ከተሳሳተ ስትታጠፍ ዝላይ አይፈጥርም፤ ሁለቱም ንባብ እኩል ይገፋል። ዝላይ የሚፈጥረው በአንዱ አቅጣጫ ብቻ የሚሳሳተው ነው። እኛ አንድ ወቅት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስንሄድ ብቻ 7 ዲግሪ የሚዋሽ ኮምፓስ ነበረን። ሳምንታት ፈጅቶብን ያገኘነው ከአንድ መኝታ ሥር ነው፦ ከመካከላችን አንዱ ሙዚቃ እንድንሰማ ብሎ ያመጣት ድምፅ ማጉያ። ማን እንዳመጣት አልናገርም፣ ሙዚቃው ግን የጥላሁን ገሠሠ ነበር።

ሁለቱ ሲያልቁ ብቻ ወደ ነፋሱ ሂድ። መጀመሪያ ጠቋሚው ጠሞ እንዳልተገጠመ እይ፦ በቀኝ 29፣ በግራ 33 ካነበበ የልዩነቱ ግማሽ 2 ዲግሪ ነው፣ ያንን አርም። ከዚያ የቀረውን ዝላይ ለሁለት ክፈል። በአንድ መታጠፍ አትወስን፤ አሥር ጊዜ ታጠፍ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ፍጥነቱ እስኪመለስ ጠብቅ፣ መካከለኛውን ውሰድ። በጸደይ ማለዳ፣ ሞቃት አየር በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲተኛ፣ ላይ ያለው ነፋስና ታች ያለው በአቅጣጫ ይለያያሉ። ምልክቱ፣ ሸራውን በሁለቱም በኩል እኩል ብታስርም ጀልባዋ በአንዱ በኩል ብቻ ስትንቀራፈፍ ነው። በዚያ ቀን የተገኘ ቁጥር አታስገባ።

ነፋሱን ከኋላ ይዛችሁ ስትሄዱ የነፋሱ ፍጥነት ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ለዚያ የተለየ ማረሚያ አለ፣ ግን ክረምቱን ሙሉ ብታቆየውም አይጎዳችሁ።

መጨረሻ ላይ ስክሪኑ የሚያሰላውን የውኃ ጅረት ክፈት። በታጠፍህ ቁጥር ጅረቱም አብሮህ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ያ ባሕሩ ሳይሆን ከፍጥነቱና ከኮምፓሱ የቀረ ስህተት ነው፤ ወደ ሽክርክሪቷ ተመለስ። ያስገባኸውን ቁጥር ሁሉ ከነ ቀኑ፣ ከነ ነፋሱ ኃይል በእርሳስ ደብተር ላይ ጻፍ። በእስክሪብቶ አይደለም፤ የእኔ የመጀመሪያ ደብተር ሲረጥብ ከ9 በመቶው በስተቀር የተረፈ ነገር የለም።